ቆሎው ከበሩ ሆድ ወጣ፦ የአንድ ኮሮላ መስታወት የጉዳይ ጥናት

መካኒኩ የአጎቴን ኮሮላ የሾፌር በር ሲፈታው ከውስጡ ቆሎ ወጣ። አንድ ስኒ ይሞላል። ገብስ ነው፤ መሀል መሀል ላይ ሽምብራ አለበት። ውኃ ጠጥቶ አብጧል፣ ከጭቃ ጋር ተለውሷል። «ያልተቆላ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ታጭዱት ነበር» አለ መካኒኩ። አጎቴ አልሳቁም።

ቆሎው እዚያ እንዴት ገባ? መልሱ የመኪና መስታወት አጠባብ ውስጥ ነው ያለው። በተለይ መስታወቱን ዳር ዳሩን ከሚይዘው ጥቁር ላስቲክ። ሁላችንም መስታወቱን እናያለን እንጂ ላስቲኩን የሚያይ የለም። እኔም ከዚህ በፊት አላየሁትም።

መኪናው እና መንገዱ

አጎቴ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖሩት። የሽንኩርትና የማሾ ነጋዴ ናቸው። በሳምንት ሁለቴ፣ አንዳንዴ ሦስቴ ሸዋ ሮቢት ወርደው ይመለሳሉ። ጭነቱን አይሱዙ ነው የሚያመጣው፤ ኮሮላዋ የሳቸው ብቻ ናት። ማንም አይነዳትም።

መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ከ3,000 ሜትር ይታለፋል። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ጋ ሲደረስ ብዙ ጊዜ ጉም ነው። ቀጥሎ ቁልቁለቱ፣ ደብረ ሲና፣ ከዚያ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ጠዋት ውርጭ ላይ ተነስቶ ቀትር ላይ ቆላ ነው የሚገባው። ጋቢ ለብሰው ይወጣሉ፣ በሸሚዝ ይደርሳሉ።

መስታወቱም አብሯቸው ይሠራል። ደጋ ላይ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ቆላ ሲገባ እስከ ታች ይወርዳል። ደብረ ሲና ላይ ደግሞ ግማሽ ድረስ፤ የቆሎ ሻጮች አሉዋ። የደብረ ሲና ቆሎ ሳይገዛ የሚያልፍ ሰው ገና አላየሁም። ልጆቹ በቆመው መኪና ላይ ይረባረባሉ፣ ስኒው በመስታወቱ ክፍተት ይገባል፣ አጎቴ በጋቢያቸው ጫፍ ይቀበላሉ። ጥቂት ፍሬ ይረግፋል። መሬት ላይ፣ ወንበር ላይ፣ መስታወቱና በሩ የሚገናኙበት ላይ።

ምልክቶቹ

ሐምሌ ላይ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ቸፍ ቸፍ ማለት ጀመረ። እንስራ ውስጥ ያለ ውኃ ይመስላል። አጎቴ «ክረምት ነው፣ ይደርቃል» አሉ። ምንጣፉ መሽተት ጀመረ። መኪናው ውስጥ የተንጠለጠለችውን የሽቶ ካርቶን ቀየሩ።

መስከረም ላይ መስታወቱ ሲወርድ ሲጥ ይላል። ጥቅምት ላይ ሲወጣ ይንገታገታል፤ እጃቸውን ደግፈው ነው የሚያወጡት። የመስታወቱን ቁልፍ ሲጫኑት የዳሽቦርዱ መብራት ደብዘዝ ይላል። ያ በሩ ውስጥ መስታወቱን የሚያነሳው ሞተር እየተጨነቀ መሆኑን ነበር የሚናገረው። ማን ሰምቶት።

ኅዳር መጣ። የደብረ ብርሃንን ኅዳር ለማያውቅ ልንገረው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሳሩ ነጭ ነው። መኪናው ላይ አመዳዩ ተጋግሯል። አንድ ቀን አጎቴ ለቡና የተጣደውን ውኃ በማንቆርቆሪያ አምጥተው መስታወቱ ላይ ለቀቁት። አመዳዩ ሄደ። እግዜር ይስጠው፣ መስታወቱ አልተሰነጠቀም። ብዙ ሰው በዚህ መንገድ የፊት መስታወቱን አጥቷል፤ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ የፈላ ውኃ ሲወርድ ላዩ በድንገት ይለጠጣል፣ ታቹ ገና ቀዝቃዛ ነው፣ መሀል ላይ ይበጠሳል። ትንሽ የድንጋይ ጭረት ካለች ደግሞ ከዚያች ነው የሚጀምረው።

ውኃው ግን የትም አልሄደም። ከላስቲኩ ሥር ገባ። ማታ ረጋ። በማግስቱ መስታወቱ ላስቲኩ ላይ ተጣብቆ ነበር። አጎቴ ቁልፉን ተጫኑ። እንደገና ተጫኑ። ሦስተኛው ላይ ከበሩ ውስጥ ቋ! አለና መስታወቱ ቁልቁል ሰመጠ። በዚያ ብርድ እስከ ጋራዥ ድረስ በተከፈተ መስኮት ነዱ፤ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው። ያገኟቸው ሰዎች ለቅሶ የሚሄዱ መስሏቸው ነበር።

ምርመራው

ሁላችንም የየራሳችን ጥፋተኛ ነበረን። አጎቴ ብርዱን ነው የከሰሱት። እኔ ሞተሩን ጠርጥሬ ነበር፤ መኪናዋ አርጅታለች። የአጎቴ ባለቤት ቡዳ አሉ፤ «ሰዉ ሁሉ ኮሮላህ አበራች፣ አበራች ይላል»። ሲገለጥ ለእውነቱ ከሁላችንም የቀረቡት እሳቸው ሆነው ተገኙ።

መካኒኩ በሩን ከመፍታቱ በፊት አንድ ነገር አደረገ። ሶፍት አወጣና ከመስታወቱ ግርጌ ያለውን ላስቲክ ጠረገበት። ሶፍቱ ጥቁር ሆነ። አቧራማ ጥቁር አይደለም፤ ቅባት ያለው፣ የሚያሙለጨልጭ ጥቁር። አሸተተው። ለአጎቴም ሰጣቸው። «ናፍጣ» አሉ።

ከግንቦት ጀምሮ አጎቴ ደንበኛ የሆኑበት አንድ ላቫጆ አለ። ልጆቹ ትጉህ ናቸው፣ ስማቸውን አላነሳም። እጥበቱ ሲያልቅ ከልጆቹ አንዱ «ፋዘር፣ ጎማውን ላብራው?» ይላል። ፋዘር «አብራው» ይላሉ። ልጁ ናፍጣ የነከረ ጨርቅ ይዞ የእግር ጎማውን ያብሳል፣ ከዚያ በዚያው ጨርቅ የበሩን ላስቲክ፣ የመስታወቱን ላስቲክ፣ ጥቁር የሆነውን ሁሉ። ለአንድ ቀን አዲስ ይመስላል። እንግዲህ ዓይን እኩላለሁ ብሎ ማጥፋት ይህ ነው። ልጁን ብቻ መውቀስ ግን አልችልም። አብራው ያሉት አጎቴ ናቸው፤ እኔም ሳየው «አማረ» ብያለሁ።

መካኒኩ ያስረዳን በፍሬን ነው። «የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ ውስጥ በስህተት የሞተር ዘይት የጨመረ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጎሚኒዎቹ፣ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ላስቲኮች፣ ያብጣሉ። ፍሬኑ ነክሶ ይቀራል። በሙሉ ነው የሚቀየረው።» የመስታወቱም ላስቲክ እንደዚያው ነው አለ።

እኔ ቤት ገብቼ ነገሩን አነበብኩ። የአብዛኛው መኪና የበርና የመስታወት ላስቲክ ኢፒዲኤም ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ነው የሚሠራው። ፀሐይ፣ ዝናብ፣ ኦዞን ይችላል። ለዚህም ነው የተመረጠው። የማይችለው የነዳጅን ዘር ነው፤ ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ የሞተር ዘይት፣ ተራ ግሪስ። ላስቲኩም ነዳጁም ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው፤ ዘመድ ዘመዱን ይስባል። ላስቲኩ ናፍጣውን ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይላላል። በኋላ ናፍጣው ሲወጣ ደግሞ ፋብሪካ ላይ የተቀላቀለውን ማለስለሻ ይዞበት ይወጣል። ያኔ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይኮማተራል። ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐዩም አያግዘውም፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

አላመንኩም ብል ይሻላል፤ ሞከርኩት። ከአዲሱ ላስቲክ የተረፈች ቁራጭ ነበረች። እኩል እኩል ሁለት ቦታ ቆረጥኳት። አንዷን ናፍጣ ባለበት ጠርሙስ፣ ሌላዋን የሳሙና ውኃ ባለበት ጠርሙስ ጨመርኩ። ከሁለት ቀን በኋላ አወጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የሳሙናዋ እንዳለች ናት። የናፍጣዋ ረዝማለች፣ ወፍራለች፣ ስትቆነጠጥ ማስቲካ ትመስላለች። አጎቴ ሁለቱንም በጣታቸው አሹና ዝም አሉ። የናፍጣዋን ኪሳቸው ከተቷት። እስካሁን ለሰው ያሳያሉ።

አሁን ቆሎው። ከመስታወቱ ግርጌ፣ በሩ ላይ፣ እንደ ከንፈር መስታወቱን ገጥሞ የሚይዝ ላስቲክ አለ። መስታወቱ ሲወርድ አቧራና ጠጠር የሚያስቀረው እሱ ነው። ያ ከንፈር አብጦ ተገለበጠ። ክፍተት ተፈጠረ። የደብረ ሲና ቆሎ በዚያ ወረደ። የመንገዱ አቧራም አብሮት።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በር ውስጥ ውኃ መግባቱ ጤነኛ ነው። ከንፈሩ ዝናቡን ሁሉ እንዲያቆም አልተሠራም፤ የሚያልፈው ውኃ በመስታወቱ ጀርባ ወርዶ በበሩ ግርጌ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይፈሳል። የአጎቴ መኪና ቀዳዳዎች በቆሎና በጭቃ ተደፍነዋል። የሐምሌው ቸፍ ቸፍ ይኸው ነው። ወደ ምንጣፉ የሄደው ደግሞ ሌላ ሰበብ አለው። ከበሩ ውስጠኛ ክዳን ጀርባ ውኃውን የሚከለክል ፕላስቲክ ይለጠፋል። ከዓመታት በፊት ስፒከር የገጠመ ሰው ቀዶት ትቶት ሄዷል።

መስታወቱ የሚሮጥበት ቦይም አለ፤ ግራና ቀኝ፣ ከላይም። ውስጡ ከፋይ የመሰለ ጭገር አለው፤ መስታወቱ በልስላሴ የሚንሸራተተው በእሱ ላይ ነው። የአጎቴ መኪና ቦይ ላይ ጭገሩ በናፍጣና በአቧራ ተለጥፎ የአሸዋ ወረቀት ሆኗል። መስታወቱን ወደ ብርሃን ስናዘነብለው ቀጥ ቀጥ ያሉ ጭረቶች ይታያሉ። እነዚያ አይወጡም። ሞተሩ ይህን ሁሉ እየጎተተ ነበር ለስድስት ወር። አመዳዩ የመጨረሻዋን ገፋ ብቻ ነው ያደረገው።

የተደረገው

ጥገናው አጭር ነው። ውኃው ፈሰሰ፣ ቀዳዳዎቹ በቀጭን ሽቦ ተከፈቱ፣ መስታወቱ ወደ መያዣው ተመለሰ፣ የተቀደደው ፕላስቲክ በአዲስ ተተካ። የመስታወቱ ማንሻ ብረት ግሪስ ተቀባ፤ ብረቱ ብቻ፣ መካኒኩ ላስቲክ እንዳይነካ ጨርቅ ደግፎ ነው የቀባው። የከንፈሩ ላስቲክ ተቀየረ። ዋጋው ከሃያ እጥበት በላይ ነው። አጎቴ ደረሰኙን ሲያዩ ያሉትን አልጽፈውም።

ረጅሙ ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተቀሩትን ላስቲኮች ማዳንና መስታወቱን እንደገና ማጠብ መማር። አሁን እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ግቢያቸው ውስጥ፣ ጥላ ላይ እናጥባለን። እሳቸው ወንበር ላይ ሆነው ያዝዛሉ፣ እኔ እሠራለሁ።

የምንጀምረው ከላስቲኩ ነው። መስታወቱን አስቀድሞ የወለወለ ሰው ሁለት ጊዜ ይለፋል፤ ላስቲኩ ሲታሸ የሚወጣው ጥቁር ነገር ንጹሑ መስታወት ላይ ይወርዳልና። መጀመሪያ ደረቁን አቧራ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይጠርገዋል። አሸዋ እያለ ጨርቅ ማሸት መስታወቱን መፋቅ ነው። ከዚያ ለብ ያለ ውኃ፣ አምስት ሊትር ላይ አንድ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና። የዱቄት ሳሙና አቁመናል፤ በደንብ ካልሟሟ ቅንጣቱ ቦይ ውስጥ ይቀራል። በረኪናማ ጭራሽ። ጨርቁን ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ላስቲኩን በርዝመቱ መጥረግ ነው። ወደ ጎን አይጎተትም። ለቦዩ ጨርቁን በድሮ የስልክ ካርድ ላይ ጠቅልዬ አስገባዋለሁ። በናፍጣ የተበላሹትን ቦዮች አራት እሑድ አጥበናቸዋል፤ ሶፍቱ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ።

ከዚያ መስታወቱ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ሁልጊዜ ላስቲክ ውስጥ ተደብቆ የሚኖረው የላይኛው ጠርዝ ያኔ ይታያል። እዚያ ላይ የጭቃ ክር አለ፤ ሲወጣና ሲወርድ ቦዩን የሚሞርደው እሱ ነው። ላቫጆ ላይ ይህን የሚጠርግ ሰው አላየሁም። እሱን ጠርጎ፣ መስታወቱን ዘግቶ፣ የቀረውን ከላይ ወደ ታች ማጠብ ነው። የመስታወት ማጽጃ ከተጠቀምን ጨርቁ ላይ እንረጫለን፤ መስታወቱ ላይ ሲረጭ ቁልቁል ፈሶ ከንፈሩ ውስጥ ነው የሚጠራቀመው። አሞኒያ ያለበትን ትተናል፤ ጥቁር ፊልም የተለጠፈበትን መስታወት ያበላሻል። ጋዜጣም ትተናል። ለመስታወቱ ጥሩ ነው፣ አልክድም፤ ቀለሙ ግን ይለቃል፣ ሲቀደድ ቁራጩ ቦይ ውስጥ ይገባል።

የግፊት ውኃ መጠቀም ግድ ከሆነ ከግማሽ ሜትር በላይ ርቆ፣ ፊት ለፊት። ከጎን፣ የላስቲኩን ጫፍ ፈልጎ ከተረጨ ይገለብጠዋል።

ስቲከር ላይ ደግሞ ተጣልተናል። የኋላው መስታወት ላይ ያረጀ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነበር። አጎቴ በምላጭ ሊፍቁት ተነሱ። ምላጭ ሲንሸራተት መጀመሪያ የሚያገኘው የላስቲኩን ጠርዝ ነው፤ ከዚያ የኋላ መስታወቱን የማሞቂያ መስመሮች። ለብ ባለ የሳሙና ውኃ የራሰ ጨርቅ ለሩብ ሰዓት ደግፌበት በጥፍሬ ልጥ አድርጌ አነሳሁት። የቀረው ማጣበቂያ በአልኮል ለቀቀ። አልኮል ይህን ላስቲክ አይጎዳም።

አልኮል ካነሳን፣ ለአመዳዩም ደብረ ብርሃን የራሷ መፍትሔ አላት። አጎቴ «አረቄስ?» አሉ። ሠራ! ጠንካራው የአገር አረቄ በጨርቅ ተነክሮ አመዳይ የያዘው መስታወት ላይ ሲጠረግ አመዳዩን ያቀልጠዋል፤ አልኮል ያለበት ውኃ በቀላሉ አይረጋም። አንድ ጠዋት ተጠቀሙበት። ችግሩ የመጣው ትራፊክ ፖሊስ አስቁሟቸው መስታወቱ ሲወርድ ነው። አሁን ማታ መስታወቱን በማዳበሪያ ከረጢት ይሸፍኑታል። አመዳዩ ከረጢቱ ላይ ይቀራል።

መጨረሻ ላይ ላስቲኩ ይደርቅና ይቀባል። ሲሊኮን የሚረጭ ከመለዋወጫ ሱቅ ይገኛል፤ ጨርቅ ላይ ረጭቶ ላስቲኩን ብቻ ማበስ ነው። መስታወቱን ከነካ ይደበዝዛል፣ የዝናብ መጥረጊያውም ይዘላል። ሲሊኮን ከሌለ ግሊሰሪን፤ በዚያ ብርድ እጅ እንዳይሰነጠቅ የማይቀባው ሰው የለም፣ እያንዳንዱ ቤት አለ። ሁለቱም ለላስቲኩ ባዳ ናቸው፣ አይጠጣቸውም። ከውርጩ ወር በፊት ሲቀቡ ደግሞ በረዶው ላስቲኩንና መስታወቱን አያጣብቅም። ቫዝሊን ያሉት አጎቴ ነበሩ። እሱም የነዳጅ ዘር ነው። ባለቤታቸው ደግሞ ቅቤ አሉ። ቅቤ ስብ ነው፣ አቧራ ይሰበስባል፣ እስከ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጠረኑን አስቡት።

የአሁኑ ሁኔታ

የሾፌሩ በር ወደ ሰባት ወር ሆነው። ጠዋት አንድ ጊዜ ሲጫኑት ይወርዳል። በቅርቡ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ፈትሸናል፤ ጭቃ እንጂ ቆሎ አልነበረም።

የኋላ ቀኙ በር ግን አሁንም ሲጥ ይላል። ናፍጣው ከወጣ በኋላ ላስቲኩ ተኮማትሮ ማዕዘኑ ላይ የጣት ስፋት ክፍተት ተፈጥሯል፤ ሳሙናም ግሊሰሪንም አልመለሰውም። የዚያ በር ላስቲክ ደብረ ብርሃን አልተገኘም። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እየጠበቅን ነው። እስከዚያ ድረስ በዚያ በኩል የሚቀመጥ ሰው ደብረ ሲና ላይ መስታወት እንዳይከፍት ታዟል።